ለምለም ስለሚባለው ዱቄት

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ልጽፍበት የመረጥሁት በብዙዎቻችን ቤት የሚገኝ፥ ጠባዩ ግን በደንብ ያልታወቀ አንድ ነጭ ዱቄት ነው። ይኸውም በጤና ጣቢያ ኦ. አር. ኤስ.፥ በሕዝብ ዘንድ ለምለም የሚባለው የተቅማጥ መድኃኒት ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። ባለፈው ሚያዝያ በአርባ ምንጭ ዝናቡ ሲጀምር፥ ሲቀላ ባለው ቤታችን ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ታናሽ ወንድሜን ተቅማጥ ያዘው። እናቴ «ጠንከር ካለ ቶሎ ያሽረዋል» ብላ ሙሉውን ፓኬት በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጠበጠችው። እኔም ልክ መስሎኝ ዝም አልሁ። ጥቂት እንደ ጠጣ ግን ጥማቱ ባሰ። የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጥታ ብርጭቆውን ባየች ጊዜ፥ «እትዬ፥ መድኃኒቱ ዱቄቱ ብቻ አይደለም፤ ውሃውም መድኃኒት ነው» አለቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ፓኬት 20.5 ግራም ሲመዝን፥ 13.5 ግራም ግሉኮስ፥ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፥ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት አለበት። ፖታሲየም በከተማችን ሙዝ ውስጥም የሚገኝ ነው። ግሉኮሱና ጨው በአንጀት ግድግዳ ተያይዘው ሲያልፉ ውሃውን አስከትለው ወደ ደም ያስገባሉ። ይህ የሚሆነው ግን በ1 ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ ነው። ውሃው ካነሰ ድብልቁ ከሰውነት ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፥ በደምም ውስጥ ጨው ይበዛል፤ ውሃው ከበዛ ደግሞ የወጣውን ጨው አይተካም።

የዚህ ዱቄት ኃይል በዓለም የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ነው። ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ሕንድ የገቡ ስደተኞች በኮሌራ ሲያልቁ፥ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አልበቃ አለ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ግን ጨውና ግሉኮስ በውሃ አስበጥብጠው በማጠጣት እጅግ ብዙ ነፍስ አተረፉ።

እንግዲህ አያያዙን ልብ እንበል።

አንደኛ፥ ዱቄቱ እርጥበት ይስባልና ከሙቀትና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ ፓኬቱ ከተቀደደ፥ ዱቄቱም ከጠጠረ ወይም ከቡናማነት ከደረሰ አይወሰድ።

ሁለተኛ፥ እጅ በሳሙና ታጥቦ፥ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ሙሉው ፓኬት ይበጥበጥ። 1 ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ለልኩ ይበቃል። ከተበጠበጠ በኋላ አይፈላ፤ ስኳርም ሆነ ጨው አይጨመርበት።

ሦስተኛ፥ በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋ።

አራተኛ፥ ሕፃኑ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ይጠጣ፤ ቢያስታውከው 10 ደቂቃ ቆይቶ በዝግታ ይቀጠል፤ ጡትም አይከልከል። ዓይኑ ከጎደጎደ፥ መጠጣት ካቃተው፥ ወይም ደም ካስቀመጠው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ወንድሜ እግዚአብሔር ይመስገን ድኖ ዛሬ ግቢውን ይሮጥበታል። እናቴም ያንን የሊትር ጠርሙስ ለሌላ ነገር እንዳይነካ ብላ ከመደርደሪያው ላይ ለብቻው አኑራዋለች። ጓደኞቼ ሆይ፥ እናንተም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ፥ የሊትር ልክ የትኛው ዕቃ እንደ ሆነ ለእናቶቻችሁ አሳዩአቸው።