ሲዋኩ ከመስጊድ በር ወደ ቤትም ይግባ



በጁሙዓ ቀን ባሕር ዳር ውስጥ ወደ መስጊድ ሲያመሩ መፋቂያ በእስር በእስር ይዘው የሚሸጡ ልጆችን ሳያዩ አይቀሩም። አንዱን ገዝተው ጫፉን እያኘኩ ወደ ውዱእ ቦታው ይሄዳሉ። ደስ የሚል ልማድ ነው። ግን አንድ ነገር እንጠይቅዎ፦ ሶላቱ ሲያበቃ ያቺ መፋቂያ የት ትገባለች? ኪስ ውስጥ ወይስ ቤት? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ዛሬ ጥርሳቸውን አጽድተዋል?

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በኡመታቸው ላይ እንዳይከብድ ባይሰጉ ኖሮ በየሶላቱ ሲዋክን ግዴታ ያደርጉ እንደነበር ብዙዎቻችን ከኹጥባ ሰምተናል። ብዙም የማይነገረው ግን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና በሙስሊም የተዘገበው ነው፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲገቡ በቅድሚያ የሚያደርጉት ሲዋክ መጠቀም ነበር። ሲዋክ የመስጊድ በር ሱና ብቻ አይደለም፤ የቤትም ነው።

እዚሁ ባሕር ዳር በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ በ2014 ታትሟል። ከተመረመሩት 147 ሕፃናት በ32ቱ ላይ የተቦረቦረ ጥርስ ተገኝቷል፤ ከአምስት ልጅ አንዱ ማለት ነው። ልብ ይበሉ! ከእነዚህ ሕፃናት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጥርሳቸውን የሚያጸዱት በእንጨት መፋቂያ ነበር። ችግሩ የጠናው ደግሞ የቤተሰባቸው ገቢ አነስተኛ በሆነና የማጽዳት ልማዳቸው ደካማ በሆነው ላይ ነው። 147 ልጅ ጥቂት ነው፤ ስለ ከተማዋ ልጆች ሁሉ አይናገርም። ቢሆንም መፋቂያ መያዝና በመፋቂያ ማጽዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስታወስ ይበቃል።

ጥርስን የሚበላው ትል አይደለም። በአፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የበላነውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ያሟሟል። ምራቅ ጉዳቱን ይጠግናል፤ ሆኖም ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ምን ያህል ስኳር እንደወሰዱ ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ እንደወሰዱም ወሳኝ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጩ መዋል ለምራቅ ፋታ አይሰጠውም። በጣና ዳር ሲዝናኑ ለልጅዎ የሚገዙለት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው እንኳ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ብሏል። ሌሊት ደግሞ ምራቅ ይቀንሳል። ጣፋጭ ጡጦ አፉ ውስጥ ሆኖ የሚተኛ ሕፃን የፊት ጥርሶቹ ቶሎ የሚጠቁሩት ለዚህ ነው።

አንድ ወላጆችን የሚያታልል ነገር አለ። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። የወለቀ ጥርስ ስለሌለ ብዙዎች እንደ ወተት ጥርስ ቆጥረው ቸል ይሉታል። እርሱ ግን ቋሚ ነው፤ ከተነቀለ ሌላ አይተካውም። ዛሬ ማታ የልጅዎን አፍ አስከፍተው ይመልከቱ።

የግግ ነገር

ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምናነሳው የሕፃናት ሕይወት ስላለበት ነው። ሕፃኑ ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰው ወይም ሲያተኩሰው ድዱን ገልጠው ያዩና ነጣ ያለ እብጠት ሲያገኙ «ግግ ነው፣ ይውጣለት» ይላሉ። ባለ መድኃኒት ነኝ ባይ ድዱን ይቀድና ለስላሳ ነገር ያወጣል። ያ የወጣው ነገር ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው! ከሥሩ የተቀመጠው የቋሚው ጥርስ ቡቃያም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ደም ይፈሳል፤ ባልጸዳ ስለት ምክንያት ኢንፌክሽን፣ ቴታነስ፣ ኤች.አይ.ቪም ሊገባ ይችላል። ተቅማጡ ግን እዚያው ነው፤ ሕፃኑን የሚገድለውም የፈሳሽ ማለቅ ነው።

አያቶች ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፤ ልንቆጣቸው አይገባም። «እማማ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ እናሳየው» ማለት ይበቃል። ጡት ሳይቋረጥ ኦ.አር.ኤስና ዚንክ መስጠት ነው መፍትሔው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 የሕፃናትን የወተት ጥርስ መንቀልንና እንጥል መቁረጥን ከጎጂ ልማዶች ቆጥሮ ሞት ካስከተሉ ያስቀጣል።

እንዴት እናጽዳ?

የወይራ፣ የክትክታም ሆነ የልምጭ መፋቂያ፣ ወይም ከአራክ ዛፍ የሚገኘው ሚስዋክ በደንብ ከተሠራበት ያጸዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ) ልማዱ ባለበት እንዲቀጥል አበረታቷል። አብዛኛው ሰው ግን ከንፈሩን ገልጦ የፊት ጥርሱን ብቻ ይፍቃል፤ የውስጡና የመንጋጋው ይቀራል። ጫፉን እንደ ብሩሽ እስኪለሰልስ ያኝኩት፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ይፈቁ። ያገለገለውን ጫፍ በየቀኑ ይቁረጡት፤ ለሌላ ሰው አያውሱ።

መፋቂያ የማይተካው አንድ ነገር ቢኖር በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ማታ ከመኝታ በፊት ሁሉም በብሩሽና ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ያጽዳ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ ታህል ትበቃለች። ልጁ ይትፋው እንጂ በብዙ ውኃ አይጉመጥመጥ። ሰባት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ወላጅ ይርዳው፤ ብቻውን ከተተወ ብሩሹን ያኝክና ይጨርሳል።

በረመዳን ከሱሑር በኋላ ከአዛን በፊት፣ ሌሊትም ከመኝታ በፊት በሳሙና ማጽዳት ይመቻል። በጾም ሰዓት ከዙህር በኋላ ስለመፋቅ ያለውን የመዝሀቦች ልዩነት ለዑለሞቻችን እንተወዋለን። ኢፍጣር ላይ ተምሩ አያስፈራም፤ እስከ ተራዊሕ የሚቀጥለው ለስላሳና ጣፋጭ ነው የሚያስቸግረው። ጫት የሚቅሙ ወገኖቻችንም በስኳርና በለስላሳ ስለሚያወራርዱት ጥርሳቸው በሁለት በኩል ይጎዳል።

ነፍሰ ጡር እናት ድዷ ቢደማ ማጽዳቷን አትተው፤ በእርግዝና ድድ በቀላሉ ይቆጣልና። የስኳር ሕመምተኛም ድዱን ይጠብቅ፤ የታመመ ድድ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

ቅርንፉድና ነጭ ሽንኩርት ሕመሙን ያደነዝዙ ይሆናል፤ ቀዳዳውን ግን አይደፍኑም። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ድዱን ያቃጥላል። ትንሽ ቀዳዳ በጊዜ ከታየ ይሞላል፤ ከቆየ ወደ መነቀል ይሄዳል። እንግዲህ ባሕር ዳር ያላችሁ ፈለገ ሕይወትን ወደ መሰለ ሆስፒታል ወይም ወደ ጥርስ ክሊኒክ ሳያማችሁ ብቅ በሉ። ከሐይቁ ማዶ ያላችሁም ለገበያ በጀልባ ስትመጡ ልጆቹን ይዛችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። ፊት አብጦ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ ግን የገበያ ቀን አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ነው።