የጥይቱ ዋጋና የጥይቱ ልክ

በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1 ቀን 1907 ዓ.ም.፣ ይኸውም የልደታ ዕለት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በሰሜን ፈረንሳይ ኦበር በተባለው ጉብታ ግርጌ የእንግሊዝ ሠራዊት ከ11,000 በላይ ሰው ሞቶበትና ቆስሎበት ሲመለስ፣ ለውድቀቱ ምክንያት የሆነው የወታደሩ ፍርሃት ሳይሆን የመድፍ ጥይት እጥረት መሆኑን ታይምስ ጋዜጣ በገሃድ ስለ ጻፈ፣ የለንደን ካቢኔ ተናውጦ፣ ጽሑፉ ከወጣ ወር ሳይሞላ ሎይድ ጆርጅ የሚመሩት አዲስ የጦር መሣሪያ ሚኒስቴር ተቋቋመ።

በዚያው ዓመት በሰኔ የወጣው ሕግ ለሚኒስቴሩ እጅግ ሰፊ ሥልጣን ሰጠው። በቁጥጥር ሥር የዋለ ፋብሪካ ከጦርነቱ በፊት ያገኝ ከነበረው ትርፍ ላይ አንድ አምስተኛ ብቻ ጨምሮ ሲያስቀር የተረፈው ለመንግሥት ይገባል፤ ሠራተኛውም የመሰናበቻ ወረቀት ሳይዝ ከሥራው ቢወጣ 6 ሳምንት ሙሉ ሌላ አሠሪ አይቀጥረውም። (ሸክሙ የከበደው በሠራተኛው ላይ ይመስለኛል፤ ባለፋብሪካው ትርፉ ተቆረጠበት እንጂ ደጁ አልተዘጋበትም።)

ይሁንና ነጋዴው «ወጪዬ ይኸው ነው» ብሎ ሲምል መሐላው በምን ሚዛን ይመረመራል? ሚኒስቴሩ በአንድ በኩል ሒሳብ ዐዋቂዎችን ወደ ኩባንያዎቹ መዝገብ ሰደደ፣ በሌላውም በኩል የራሱን ፋብሪካዎች አቆመ፤ ብረቱንና መዳቡን ገዝቶ፣ ደመወዙን ከፍሎ፣ የአንዷን ጥይት እውነተኛ ወጪ በገዛ እጁ ካወቀ ወዲያ እርሱን ማታለል አስቸጋሪ ሆነ። ሎይድ ጆርጅ በ1911 ዓ.ም. ለፓርላማ እንደ ተናገሩት፣ 22 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ያወጣ የነበረው የባለ 18 ፓውንዱ መድፍ ጥይት ወደ 12 ሺሊንግ ወረደ፤ 165 ፓውንድ ስተርሊንግ የነበረውም የሉዊስ መትረየስ 35 ሆነ።

ዋጋው ወረደ፤ ልኩስ? በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉ፤ ጥይቱ በሰፊው ቀለበት ማለፍ፣ በጠባቡ ግን አለማለፍ ይገባዋል፤ የሁለቱም ልዩነት ዐይን የማይለየው ቅንጣት ነው። ፋብሪካው በጥቂት ወራት ሲበረክት ይህን ሥራ የለመደ እጅ ግን አብሮ አልበረከተም፤ ስለዚህም በሰኔ 1908 ዓ.ም. በሶም ወንዝ አጠገብ በአንድ ሳምንት ከተተኮሱት አንድ ሚሊዮን ተኩል ከሚያህሉ ጥይቶች እጅግ ብዙዎቹ ሳይፈነዱ በጭቃ ተቀበሩ፤ የዚያ አገር ገበሬ እስከ ዛሬ ሲያርስ ያወጣቸዋል።

ከዚህም የሚብስ አለ፤ ተቆጣጣሪውን ራሱን ማን ይቆጣጠረዋል? በምሥራቅ ለንደን፣ ሲልቨርታውን በተባለው ሠፈር፣ በሰው መኖሪያ መካከል የቆመ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ቲ.ኤን.ቲ. የተባለውን ፈንጂ እንዲያጣራ መንግሥት ሲያዝዘው፣ ባለቤቶቹ አደጋውን እያመለከቱ ቢቃወሙም የሰማቸው አልነበረም። ጥር 11 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በእኛ ዘንድ የጥምቀት በዓል በዋለበት ምሽት፣ አንድ ሰዓት ሊሆን 8 ደቂቃ ሲቀረው፣ 50 ቶን ያህል ፈንጂ ባንድ ቅጽበት ተነሥቶ 73 ነፍሳት አለፉ። የፋብሪካው ዋና ኬሚስት ዶክተር አንድሪያ ኤንጀል የሞቱት እሳቱን አይተው ሠራተኞቹን በማስወጣት ላይ ሳሉ ነበር።