የሊትየም ባትሪ በዕቃ ማንሻ መኪና ላይ፤ ጥቅሙና የክብደቱ ጥያቄ

ፎርክሊፍት የሚባለው ዕቃ ማንሻ መኪና በፋብሪካ፥ በመጋዘንና በወደብ የታወቀ ነው። ከፊቱ ባሉት ሁለት ሹካዎች ሸክሙን አንሥቶ ወደሚፈለገው ቦታ ያደርሳል። በናፍጣ የሚሠራ አለ፤ በባትሪም የሚሠራ አለ። ባትሪው ለብዙ ዘመን የእርሳስና የአሲድ ነበረ፤ አሁን ግን የሊትየም አዮን ባትሪ በቦታው እየገባ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው የለውጡን ጥቅምና የባትሪው ክብደት ተለይቶ የሚታሰብበትን ምክንያት ነው።

የእርሳሱን ባትሪ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. የሠራው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው። አንዱ ሴል 2 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፥ 48 ቮልት ለሚፈልግ መኪና 24 ሴሎች በተርታ ይያያዛሉ። በተለመደው አሠራር ባትሪው 8 ሰዓት ይሠራል፤ 8 ሰዓት ያህል ይሞላል፤ ከዚያም እስኪበርድ ሌላ 8 ሰዓት ያህል ያርፋል። ስለዚህ ሌሊትና ቀን በ3 ፈረቃ የሚሠራ መጋዘን ለአንድ መኪና እስከ 3 ባትሪ መያዝ፥ መለወጫ ክፍልም ማዘጋጀት ግድ ይሆንበታል። ባትሪው ሲሞላ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ይህም ጋዝ ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ በትንሽ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። ውሃ የሚጨምረውም ሠራተኛ ዐይኑንና ቆዳውን ከሰልፈሪክ አሲድ መጠበቅ አለበት።

የሊትየም አዮን ባትሪን በ1991 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። መሠረቱን የጣሉት ሊቃውንት ጆን ጉዲናፍ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 ዓ.ም. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ለዕቃ ማንሻ መኪና በብዛት የሚመረጠው የሊትየም፥ የብረትና የፎስፌት ዐይነት ነው፤ ይኸውም ከኮባልቱ ዐይነት ይልቅ ሙቀትን ስለሚችል ነው። በደኅና አሠራር ጋዝ አያወጣም፤ ውሃም አይፈልግም። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ነጂው ለምሳ ወይም ለሻይ ሲወርድ ባትሪው ከመኪናው ሳይወጣ ጥቂት ጥቂት እየተሞላ መዋሉ ነው። የእርሳሱን ባትሪ በየጊዜው እንዲህ ቢያደርጉት ዕድሜው ያጥራል።

በጀርመን አገር በሐምቡርግ ወደብ፥ በአልተንቨርደር የኮንቴይነር ጣቢያ የታየው ይህንኑ ያስረዳል። በዚያ ኮንቴይነር የሚያመላልሱት ነጂ የሌላቸው ተሽከርካሪዎች ቀድሞ የእርሳስ ባትሪያቸው በልዩ ጣቢያ ይለወጥላቸው ነበር። ሊትየም ከገባ በኋላ ግን ተሽከርካሪው ራሱ ወደ መሙያው ቀርቦ ይሞላል።

አሁን ወደ ክብደቱ እንለፍ። ለእኩል ጉልበት የሊትየም ባትሪ ብዙ ጊዜ ከእርሳሱ ግማሽ ያነሰ ይመዝናል። ለሰው ማመላለሻ መኪና ይህ ትርፍ ነው። በፎርክሊፍት ግን የባትሪው ክብደት ከኋላ ሆኖ የፊቱን ሸክም ያመዛዝናል፤ የፊት ጐማዎቹ ዘንግም እንደ ሚዛን መካከል ነው። ለምሳሌ 1,000 ኪሎ የሚመዝን የእርሳስ ባትሪ ከዘንጉ 0.8 ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ፥ የማመዛዘን ኀይሉ 1,000 × 0.8፥ ማለት 800 ኪሎግራም ሜትር ይሆናል። በቦታው 400 ኪሎ የሊትየም ባትሪ ቢገባ 320 ብቻ ይሆናል፤ 480 ጐደለ ማለት ነው። የሸክሙ መካከል ከዘንጉ 0.9 ሜትር ወደ ፊት ከሆነ፥ 480 ለ0.9 ሲካፈል መኪናው 533 ኪሎ ያህል የማንሣት ዐቅም እንዳጣ እናያለን። ነጂው ይህን ሳያውቅ የቀድሞውን ሸክም ቢያነሣ መኪናው ወደ ፊት ሊደፋ ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሠሪዎች የጐደለውን በባትሪው ሣጥን ውስጥ በብረት ይሞሉታል። ባትሪው ሊያንስ የማይገባው ክብደትም በመኪናው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ይጻፋል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የሊትየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ቢሞላ በውስጡ ብረታዊ ሊትየም እየተለጠፈ ይጐዳዋል። ቢቀጠቀጥ ወይም ከልክ በላይ ቢሞላ ደግሞ ሊቃጠልና መርዛም ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሴል ቮልትና ሙቀት የሚቈጣጠር የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ፥ ለእርሱም የሚስማማ መሙያ ያስፈልገዋል። የመግዣውም ዋጋ ከእርሳሱ ይበልጣል።

በአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ኀይል ይገኛል፤ ናፍጣ ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ስለዚህ ዕቃ ማንሻዎቻችን ወደ ባትሪ ቢሻገሩ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በ2 ወይም በ3 ፈረቃ ለሚሠራ ቦታ ሊትየም ዋጋውን ሊመልስ ይችላል፤ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚሠራ ግን የእርሳሱ ባትሪ ሊበቃው ይችላል። ይህ የገንዘብ ሒሳብ ስለ ሆነ ገዢው እንደ ዐቅሙ ይወስናል። የክብደቱ ሒሳብ ግን የነጂውና በአጠገቡ የሚያልፈው ሰው የሕይወት ጉዳይ ነውና፥ ባትሪው ከመለወጡ በፊት የሰሌዳው ጽሑፍ መነበብ አለበት።