ጢስ የሌለው ምድጃ

በማጀት ጢስ ዓይኑ ያላነባ ልጅ በአገራችን አይገኝምና፣ በካናዳ አገር፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የሆነውን ለመረዳት አንቸገርም (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)። በዚያ በ2003 ዓ.ም. ከኤሌክትሪኩ ሩብ ያህሉ የሚገኘው የድንጋይ ከሰል እየነደደ ነበር። አየሩ ታውኳል ተብሎ ማስጠንቀቂያ የተነገረባቸው ቀኖች በ2005 ብቻ 53 ደረሱ። በእነዚያ ቀኖች አስም ያለበት ሕፃን ከደጅ እንዳይጫወት ይመከር ነበር።

የከሰሉ ጣቢያዎች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የመጨረሻው በሚያዝያ 2014 ጠፋ። በዚያ ዓመት ማስጠንቀቂያ የተነገረበት አንድም ቀን አልነበረም። የተፈጥሮ ጋዝ፣ ነፋስና ቁጠባ ረድተዋል፤ ከጎረቤት አሜሪካ የሚነፍሰውም ጢስ ቀንሶ ነበር። ትልቁን ሸክም ያነሣው ግን በእኛ አስተያየት የአቶም ኃይል ነው፤ ይኸውም ሥራ አቁመው የነበሩ የብሩስና የፒከሪንግ የአቶም ምድጃዎች እንደገና በመነሣታቸው ነው። በእነዚህ ውስጥ ዩራኒየሙ ይሰነጠቃል እንጂ አይነድም። ሙቀቱ ውኃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ መዘውር ያዞራል፤ ጥቀርሻም ሆነ ምድርን የሚያሞቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምድጃው አይወጣም።

አመዱስ? ያገለገለው ነዳጅ ለብዙ ሺህ ዓመታት አደገኛ ጨረር ይሰጣል። በጥልቅ ምድር የሚቀበርበት ስፍራ፣ በኢግናስ ከተማ አካባቢ፣ የተመረጠው ገና በ2024 ነው። እስኪቀበር ድረስ በየጣቢያው ግቢ ተከማችቶ ይጠበቃል።