ቤቱ ትምህርት ቤት ሲሆን

እንግሊዛዊቷ ሱዛና ዌስሊ ከወለደቻቸው 19 ልጆች ለአካለ መጠን የደረሱት 10 ናቸው። ባሏ ኤፕወርዝ የምትባል የገጠር ከተማ ቄስ ነበር። ጆንና ቻርልስ አድገው የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪዎች ከመሆናቸው በፊት ፊደል ያስቆጠረቻቸው እናታቸው ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1732 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ጆን አስተዳደጋቸውን እንድትጽፍለት ቢለምናት በደብዳቤ ዘርዝራ ላከችለት። ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ክርስቲያን ወላጆች ያንን ደብዳቤ ዛሬም ያነሱታል።

በደብዳቤው እንደተጻፈው፣ አንድ ልጅ አምስት ዓመት ሞልቶት ትምህርት ሊጀምር ሲል በዋዜማው ቤቱ ይሰናዳል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሥራው ይነገረዋል፤ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላም ከ8 እስከ 11 ሰዓት ማንም ወደ ክፍሉ ዝር እንዳይል ይታዘዛል። ልጁ ፊደሉን በአንድ ቀን ይለያል፤ አንድ ቀን ተኩል የፈጀባቸው ሁለት ሴቶች ልጆች ብቻ ነበሩ። ከዚያ በቀጥታ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ይከፈትለታል። ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፣ ዳዊት የደገመ የቄስ ተማሪ ይህ አካሄድ ባዳ አይሆንበትም።

በ1709 ቤታቸው ተቃጠለ። ቤተሰቡ ከእሳቱ ቢተርፍም ልጆቹ ቤቱ እስኪሠራ በየሰው ቤት ተበተኑ። ሲመለሱ የለመዱት ሥርዓት ጠፍቶ፣ አነጋገራቸው ተበላሽቶ አገኘቻቸውና ሱዛና ሁሉን ነገር እንደገና ጀመረች። ትምህርቱ በመዝሙር እንዲከፈትና በመዝሙር እንዲዘጋ ያደረገችው ያን ጊዜ ነው። 11 ሰዓት ሲሆን ትልቁ ልጅ አፍ ከፈቱት የመጨረሻውን፣ ሁለተኛው ደግሞ ተከታዩን ይዞ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ የዕለቱን መዝሙረ ዳዊትና ከአዲስ ኪዳን አንድ ምዕራፍ ያነቡላቸዋል። ማታ ማታ እናትየው ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻዋ ታወጋለች። የጆን ተራ ሐሙስ ነበር፤ ጎልማሳ ከሆነ በኋላም ያችን የሐሙስ ማታ እንድታስብለት ጽፎላታል።

ሱዛና ጥብቅ እናት ነበረች። ልጆቿ አለንጋ እንዲፈሩ፣ ሲያለቅሱም ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ገና በሕፃንነታቸው ታስለምዳቸው ነበር። የዛሬ ወላጆች ከእሷ ሊወስዱ የሚችሉት ይህን ሳይሆን የቀኑን አደረጃጀት ነው፦ በጸሎት የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ትልቁ ታናሹን የሚይዝበት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የብቻ ጊዜ ያለው ውሎ።

በአሜሪካ "ሆምስኩል" የሚባለው ልጅን ቤት ውስጥ የማስተማር ልማድ ዛሬ የጥቂቶች ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ወላጆች በየፍርድ ቤቱና በየምክር ቤቱ ሲሟገቱ ቆይተው በ1993 በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊነቱ ተረጋገጠ። በ1999 ቤት ውስጥ የሚማሩት 850 ሺህ ያህል እንደነበሩ የአገሪቱ የትምህርት ስታቲስቲክስ ማዕከል ገምቷል። በ2020 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ፣ ልጆቻቸውን ራሳቸው እናስተምራለን ያሉ ቤተሰቦች ከ5.4 በመቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 11.1 በመቶ ማደጋቸውን የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው አስታውቋል። ሁሉም በሃይማኖት ምክንያት የገቡበት አይደሉም፤ ለክርስቲያን ቤተሰቦች ግን እምነትን ከዕለት ትምህርት ጋር ማስኬድ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሰኞ ጠዋት ነው። አዲስ ጀማሪ ወላጅ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀውን ትምህርት ቤት ወደ ሳሎኑ ያመጣዋል፤ በ2፡30 ሒሳብ፣ በ3፡15 ሳይንስ፣ በ4 ሰዓት ታሪክ እያለ ወረቀት ላይ ያሰፍራል። ቤት ውስጥ ግን ሕፃኑ ዳይፐር ይቀየርልኝ ይላል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ምሳ መጣድ አለበት። ሒሳቡ 20 ደቂቃ ሲዘገይ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይዘገያል። እኩለ ቀን ሳይደርስ እናት ትቆጣለች፣ ልጅ ያኮርፋል፣ ለጸሎት የተመደበችው ሩብ ሰዓትም መጀመሪያ የምትሰረዘው ትሆናለች።

ልምድ ያላቸው ቤተሰቦች ቀኑን የሚይዙት ከሰዓት ይልቅ በተራ ነው። መቼም የማይቀሩትን ነገሮች ያስቀድማሉ፦ ቁርስ፣ ምሳ፣ የሕፃኑ እንቅልፍ፣ እራት። ጸሎትና ንባብ ከእነዚህ ጋር ይታሰራል። ከቁርስ ቀጥሎ ጸሎት መሆኑ ከታወቀ፣ ቁርስ ቢዘገይም ጸሎቱ አብሮ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

በአሜሪካ ክርስቲያን ቤተሰቦች ዘንድ ይህ የጠዋት ጉባኤ የራሱን ስም አግኝቷል። ዘጠኝ ልጆች ያሳደገችው ጸሐፊ ሲንዲ ሮሊንስ "የጠዋት ጊዜ" እያለች በሰፊው አስተዋውቃዋለች። የአሥር፣ የሰባትና የሁለት ዓመት ልጆች ያሏት እናት እንዲህ ልታካሂደው ትችላለች፦ የቁርሱ ሳህን ሳይነሳ አንድ መዝሙር ይዘመራል፤ ትልቁ ልጅ ከወንጌል አጭር ክፍል ያነባል፤ የሰባት ዓመቷ ልጅ የሰማችውን በራሷ አንደበት ትተርካለች፤ በቃል የሚያዝ አንድ ጥቅስ ይደገማል፤ ከዚያ ሁሉም የሚወዱት ታሪክ ሁለት ሦስት ገጽ ይነበብና ያበቃል። የሁለት ዓመቱ ሕፃን ጠረጴዛው ሥር ድስት ቢደበድብም ጉባኤው አይበተንም። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ለጀማሪ አሥር ደቂቃም አይናቅም።

ሰምቶ የመተረኩ ዘዴ ባለቤት ቻርሎት ሜሰን ናት። ከ1842 እስከ 1923 የኖረችው ይህች ብሪታንያዊት መምህርት በአምብልሳይድ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፍታ ነበር። ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሜዳ እንጂ መደበኛ ትምህርት አያስፈልገውም ትል ነበር። ለጀማሪዎች አንዱ ትምህርት ከ20 ደቂቃ እንዳይበልጥ መክራለች፤ አእምሮ የሚያደክመው ሒሳብ ካለፈ በኋላ እጅን ወይም ጆሮን የሚያሠራ ነገር ይከተላል። ከሰዓት በኋላው ለእጅ ሥራና ለተፈጥሮ ይለቀቃል። በ1984 አሜሪካዊቷ ሱዛን ሼፈር ማኮሊ ስለ እሷ የጻፈችው መጽሐፍ ሐሳቧን ለአዲሱ ትውልድ አደረሰው።

ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጂኦግራፊን የመሳሰሉት ሁልጊዜ የሚቀሩት ትምህርቶችስ? ብዙዎች ለእነሱ የተለየ ቀን መስጠቱን ትተዋል። በአንድ ወረቀት ላይ በተራ ይጽፏቸውና ጊዜ ሲገኝ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ማክሰኞ እንግዳ መጥቶ ሥዕሉ ቢስተጓጎል ረቡዕ የሚከፈተው ሥዕል ነው፤ እንደ ዕቁብ፣ ዕጣ ያልደረሰው ተራውን ይጠብቃል እንጂ ከማኅበሩ አይወጣም። ከምሳ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ መጽሐፍ ይዞ ለብቻው የሚቀመጥበት አንድ ሰዓት አለ። ሕፃኑ ይተኛል፤ እናትም ቡናዋን ትጠጣለች ወይም የራሷን ጸሎት ታደርሳለች።

በውጭ የሚኖሩ ሐበሾች ለዚህ ውሎ የራሳቸው ሀብት አላቸው። ኦርቶዶክሳዊው ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያት እንዳሉ ያውቃል፤ ከእነሱ ነግህንና ሠርክን ብቻ ቢይዝ የቀኑ መግቢያና መውጫ ተገኘ ማለት ነው። ፕሮቴስታንቱም ከቤተሰብ አምልኮ ጋር አብሮ ያደገ ነው። የጠዋቱ ንባብ በአማርኛ ከሆነ ደግሞ ልጁ ቋንቋውን ለብቻው የትምህርት ሰዓት ሳይመደብለት ይሰማዋል፤ አባታችን ሆይን ከነዜማው ይይዛል።

ከሁሉ በፊት ግን የሚኖሩበትን አገር ሕግ ማወቅ ግድ ነው። ጀርመን ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማርን አትፈቅድም፤ በስዊድንም ከ2011 ወዲህ በሩ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። በአሜሪካ እንደየግዛቱ ይለያያል። ቴክሳስ ወላጅን አሳውቅ አትለውም፤ ቨርጂኒያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ማስታወቂያ፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የልጁን መሻሻል ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ኒውዮርክ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በዓመት 900 ሰዓት ትምህርት ትፈልጋለች።

ብዙ ግዛቶች የሚያውቁት የትምህርት ዓመት 180 ቀን፣ ማለትም 36 ሳምንት ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ይህን ለስድስት ከፍለው ስድስት ሳምንት ይማራሉ፣ ሰባተኛውን ያርፋሉ፤ የሰንበትን ሥርዓት ወደ ዓመቱ ማስገባታቸው ነው። በዕረፍቱ ሳምንት መጻሕፍቱ ይከደናሉ። ወላጆች የልጆቹን ደብተሮች ለባለሥልጣን በሚቀርብ መልክ ያደራጃሉ፣ የዘገየውን ትምህርት ይለያሉ፣ ለቀጣዩ ስድስት ሳምንት የሚነበበውን ወንጌልና የሚዘመረውን መዝሙር ይመርጣሉ፤ ያልሠራውን መርሐ ግብርም ቀደው አዲስ ይጽፋሉ።