አንድ ዜማ እንዴት አራት ድምፅ ሆነ?

ስለ አውሮፓ ሙዚቃ በጻፍኩ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ከባኽ በፊት ምን ነበር? ከባኽ በፊት ወደ ስምንት መቶ ዓመት የሚጠጋ በጽሑፍ የተያዘ ሙዚቃ አለ። ከዚያ ውስጥ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደውን ክፍል ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። ያለ መሣሪያ፣ በላቲን፣ ሁሉም አንዱን ዜማ በአንድነት ያዜማል። የግሪጎርዮስ ዜማ የተባለው በ604 ያረፉት የሮም ጳጳስ ቀዳማዊ ግሪጎርዮስ ከርግብ እየሰሙ ደረሱት የሚል ትውፊት ስላለ ነው። ተመራማሪዎች ግን ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ከእሳቸው በኋላ፣ የፍራንኮቹ ነገሥታት ፔፒንና ልጁ ሻርለማኝ የሮምን ሥርዓት በግዛታቸው ሁሉ ለማስፋፋት በተነሡበት ዘመን ነው ይላሉ።

ያን ሁሉ ዜማ በቃል ይዞ ከአገር አገር ማድረስ ከባድ ነበር። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቃላቱ በላይ ትንንሽ ምልክቶች መጻፍ ተጀመረ። በስዊዘርላንዱ የቅዱስ ጋል ገዳም ብራናዎች ላይ ታዩአቸዋላችሁ፤ ነጥብ፣ ጭረት፣ ቆልመም ያለ መስመር። የድጓን ምልክቶች የሚያውቅ ሰው አሠራራቸው ቶሎ ይገባዋል። ዜማውን ለተማረው ያስታውሳሉ እንጂ ለማያውቀው አያስተምሩም። ድምፁ ወደ ላይ እንደሚወጣ ይናገራሉ፤ ምን ያህል እንደሚወጣ ግን አይናገሩም።

ይህን የፈታው ጣሊያናዊው መነኩሴ የአሬዞው ጉይዶ ነው። መዘምራን ዕድሜ ልካቸውን አጥንተው እንኳ ሰምተው የማያውቁትን አንዲት አጭር ዜማ ከመጽሐፍ አንብበው ማዜም አለመቻላቸው ያበሳጨው ነበር። ስለዚህ መስመር አሰመረ። ድምፆቹን በመስመሮቹ ላይና በመካከላቸው አስቀመጠ፤ ዛሬ ፋ የምንለውን መስመር ቀይ፣ ዶ የምንለውን ቢጫ ቀባው። ቀጥሎ ለመጥምቁ ዮሐንስ የሚዘመር አንድ መዝሙር ወሰደ። የመዝሙሩ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሐረጎች እያንዳንዳቸው ከቀደመው አንድ ደረጃ ከፍ ብለው ይጀምራሉ። የየሐረጉን መነሻ ነጥሎ ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ አለ። ኡት ዶ የሆነው፣ ሲም የተጨመረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ጉይዶ ራሱ በደብዳቤው እንደሚተርከው፣ ጳጳሱ ዮሐንስ 19ኛ ሮም አስጠርተውት መጽሐፉን ሲያገላብጡ ቆዩና፣ ሰምተውት የማያውቁትን አንድ ስንኝ ራሳቸው አንብበው እስኪያዜሙ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። አሥር ዓመት ይፈጅ የነበረው ትምህርት በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ያልቃል ብሎም ጽፏል።

አሁን ወደ ፓሪስ እንሂድ። ከዋናው ዜማ ጋር ሁለተኛ ድምፅ አብሮ ማስኬድ ቀድሞም ነበር፤ የ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ይገልጹታል። ነገሩ የሰፋው ግን ግንባታው በ1163 ገደማ በተጀመረው በኖትር ዳም ካቴድራል ነው። ሌኦናን በሁለት ድምፅ ደረሰ፤ ፔሮታን ወደ ሦስትና አራት አሳደገው። በ1198 የፓሪሱ ጳጳስ ኦዶ በጥር 1 በዓል በሦስት ወይም በአራት ድምፅ እንዲዘመር የሚፈቅድ ደንብ አወጡ። የፔሮታን «ቪዴሩንት ኦምኔስ» ከዚያ በዓል ጋር ይያያዛል።

እባካችሁ ፈልጋችሁ ስሙት፤ ሲዘመር ከአሥር ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ታችኛው ድምፅ ጥንታዊውን ዜማ ይዟል፣ ግን «ቪ» የምትለዋን አንዲት ክፍለ ቃል ብቻ ይዞ ይቆያል፣ ይቆያል። ከላዩ ሦስቱ ድምፆች ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር እያሉ ይጨፍራሉ፤ አንዱ ያለውን ሌላው ይቀበለዋል፣ ይጋጫሉ፣ ይታረቃሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድነት ወደ ቀጣዩ ክፍለ ቃል ይሻገራሉ። እኔ እስከ ዛሬ እዚያች መሻገሪያ ላይ ስደርስ ሰውነቴን ይወረኛል።

አንድ ሰው ብቻውን ሲያዜም ጊዜውን እንደ ልቡ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። አራት ሰው ግን በልኩ ካልተስማማ ይፈርሳል። ስለዚህ ከድምፁ ከፍታ ሌላ የቆይታው ርዝመትም መጻፍ ነበረበት። የፓሪስ ሰዎች ስድስት የምት ስልቶች አበጁ፤ የኮሎኙ ፍራንኮ ደግሞ በ1280 አካባቢ የኖታው ቅርጽ ራሱ ርዝመቱን እንዲያሳይ አደረገ። በእኔ እምነት የአውሮፓን ሙዚቃ ከሌላው ዓለም የለየው መንገድ የተጀመረው እዚህ ነው። ዜማን ለማስታወስ የመጣው ጽሕፈት ዜማ መድረሻ ሆነ።

ሁሉም ግን አልተደሰተም። ጳጳሱ ዮሐንስ 22ኛ በ1320ዎቹ ከአቪኞን ባወጡት ደብዳቤ አዲሶቹ ደራሲዎች ዜማውን በጥቃቅን ኖታ እየቆራረጡ እንዳይለይ አደረጉት ብለው አወገዙ። አንድ ትውልድ ያህል ቆይቶ የሬምሱ ጊዮም ደ ማሾ ሙሉውን የቅዳሴ ዜማ ለአራት ድምፅ ደረሰ፤ አንድ የታወቀ ደራሲ ብቻውን ሙሉውን የደረሰው እስካሁን ከተገኙት የመጀመሪያው ነው። ኪርዬ በሚባለው ክፍሉ ውስጥ ቴነር የሚባለውን ድምፅ ለይታችሁ ብትከተሉ የምታገኙት ያንኑ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው።