የፖርቱጋል ቋንቋና የጎንደር ታሪክ፤ ልጅን ለሩቅ ትምህርት ስለ ማሰናዳት

ልጅ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ፥ ሕክምና ወይም ሕግ ወይም የመሐንዲስነት ሥራ ተምሮ ቢገኝ የወላጆቹ ደስታ ፍጹም ነው። የትምህርቱ ጥቅም ለሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ ጎረቤትም ቢሆን ምን ያደርግለታል ብሎ አይጠይቅም። ነገር ግን ልጁ ወይም ልጅቱ የፖርቱጋልን ቋንቋና በዚያ ቋንቋ የሚናገሩትን ሕዝቦች ታሪክና ልማድ እስከ ዶክቶርነት ማዕርግ ልመርምር ብሎ ቢነሣ፥ ቤተ ሰቡ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ከዝምታውም በኋላ «እንጀራው ወዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። እኛም በዚህ ገጽ ለወላጆች ልንገልጽላቸው የምንወደው፥ ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ፥ ይልቁንም ለጎንደርና በዙሪያዋ ላለው ደጋ አገር፥ የገዛ ታሪካችን አንዱ መክፈቻ መሆኑን ነው። በዚህ ጽሑፍ ያለውን የዘመን ቍጥር ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር አድርገነዋል።

ከፖርቱጋል ጋራ የነበረን ግንኙነት ጥንታዊ መሆኑ የታወቀ ነው። ንግሥት እሌኒ የላኩት ማቴዎስ የተባለ መልክተኛ በ1514 ሊስቦን ደረሰ። በ1520 ደግሞ የፖርቱጋል መልክተኞች ምጽዋ ወረዱ። ከእነርሱ ጋራ የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እስከ 1526 ድረስ በአገራችን ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 በሊስቦን ታተመ። ይህ ሰው ያያት ኢትዮጵያ ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት በፊት የነበረችው ኢትዮጵያ ናት። ስለዚህ ኋላ ተቃጥለው የጠፉትን አብያተ ክርስቲያናት በዓይኑ አይቶ ከጻፉት ጥቂቶች አንዱ እርሱ ነው።

በ1541 ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ወታደሮች አስከትሎ መጣ፤ እርሱ ራሱ በ1542 ተይዞ ተገደለ፤ የተረፉት ግን ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋራ ሆነው በ1543 በወይና ደጋ ድል ሲደረግ ተካፋዮች ሆኑ። ከእነርሱም አንዱ ሚጌል ደ ካስታንዮዞ ታሪኩን ጽፎ በ1564 አሳተመ። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ የአገራችንን ሴቶች አግብተው ልጆች ወለዱ፤ ልጆቻቸውም እዚሁ አደጉ። በየቤታችን ማዕድ ላይ የምናቀርበው ብርቱካን እንኳ ስሙ በዐረብኛ በኩል ዞሮ የመጣ የፖርቱጋል ስም ነው። የበርበሬም ዘር መጀመሪያ አገሩ አሜሪካ ሲሆን ወደ ሕንድ ባሕር ዳርቻ ያሻገሩት የፖርቱጋል መርከበኞች ናቸው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ጣና ዳርና ወደ ደንቢያ ይመጣል። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ትውልዱ የእስጳንያ ሰው ሲሆን የጻፈው በፖርቱጋል ቋንቋ ነው። አማርኛና ግዕዝ ተምሮ፥ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል አንብቦ፥ የኢትዮጵያን ታሪክ ጽፎ በ1622 ሞተ። ዐፄ ሱስንዮስ በዚያው ዓመት የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ፤ በ1625 ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴስ ደረሰ፤ አገሪቱም በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐወጁ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ነግሠው ኢየሱሳውያንን አስወጡ፤ በ1636ም ጎንደርን ቈረቈሩ።

እነዚያ ካህናት በወጡ ጊዜ ወረቀታቸውን ይዘው ሄዱ፤ ደብዳቤዎቻቸውም ቀድሞ በሕንድ በጎዋ በኩል ያልፉ ነበር። ስለዚህ ስለ ደንቀዝ፥ ስለ ጎርጎራ፥ ስለ አዘዞ፥ ስለ ስሜን ተራሮችና በዚያ ይኖሩ ስለ ነበሩት ቤተ እስራኤል የተጻፈው ብዙ ነገር ዛሬ በሊስቦን፥ በብራጋና በሮማ መዛግብት ይገኛል። ከአባ ፓኤዝ የታሪክ መጽሐፍ እጅ ጽሑፎች አንዱ በሮማ፥ ሌላው በብራጋ አለ። አባ ቤካሪ የተባለው ኢጣልያዊ የኢየሱሳውያንን ጽሑፎች ሰብስቦ ከ1903 እስከ 1917 በ15 መጻሕፍት አሳተመ፤ ከፍ ያለ ሥራ ነው። ነገር ግን በዚያ ያለው ንባብ በአብዛኛው ፖርቱጋልኛና ላቲን ነው፤ ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው የተቈለፈ ሣጥን ይሆንበታል።

ሣጥኑ ተቈልፎ በመቅረቱ ምን እንደሚደርስ ሁለት ምሳሌ እንናገር።

አባ ፓኤዝ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋራ ሄዶ ግሽ ዓባይን አየ፤ ምንጩንም በመጽሐፉ ጻፈ። መጽሐፉ ግን ሳይታተም ወደ 300 ዓመት ያህል ተቀመጠ። የእስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ በ1770 ወደ ጎንደር መጥቶ በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይ ደረሰ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍም ክብሩ ለእርሱ ብቻ እንዲሆን፥ ፓኤዝ ምንጩን አላየም ብሎ ተከራከረ። የፓኤዝ ቃል ለሁሉ ታትሞ ቢሆን ኖሮ ይህ ክርክር በአንድ ቀን ባለቀ ነበር። በዚህ ሁሉ ሙግት መካከል ደግሞ ምንጩን ከአባቶቻቸው ጀምሮ የሚያውቁት የሰከላ ሰዎች ምስክርነት ከቍጥር አልገባም።

ሁለተኛው የጀሮኒሞ ሎቦ ነገር ነው። ይህ የፖርቱጋል ካህን ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ለ ግራንድ የተባለ ሰው በ1728 በፈረንሳይኛ አወጣው። ከፈረንሳይኛው ደግሞ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ጆንሰን ኋላ በ1759 የራስላስን ታሪክ የደረሰ ነው፤ ያንንም መጽሐፍ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውልናል። እንግዲህ ዓለም ሎቦን ያነበበው በትርጓሜ ትርጓሜ ነበር፤ የፖርቱጋልኛው ጽሑፍ ታትሞ የወጣው በ1971 ነው። ውኃ በብዙ ቅል ሲገለበጥ እየጐደለ እንደሚሄድ፥ ቃልም በብዙ ቋንቋ ሲገለበጥ ይጐድላል።

ነገር ግን ቋንቋውን መማር ማለት በዚያ ቋንቋ የተጻፈውን ሁሉ ማመን አይደለም። ኢየሱሳውያን የጻፉት የአንድ ወገን ሰዎች ሆነው ነው፤ ድል በሚያገኙበት ጊዜ ይመካሉ፤ በሚሸነፉበት ጊዜ ያማርራሉ። ስለዚህ መርማሪው ፖርቱጋልኛውን በአንድ እጁ፥ የግዕዙን ዜና መዋዕልና ገድል በሌላው እጁ መያዝ አለበት። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ታሪክ ነው። እርስዋ በ1592 ተወልዳ በ1642 ያረፈች፥ ባልዋ መልክዐ ክርስቶስ ከዐፄ ሱስንዮስ መካሮች አንዱ የነበረ፥ ስለ ሃይማኖትዋ ቤትዋንና ክብርዋን ትታ የመነነች እመቤት ናት። ገድልዋ በ1672 በግዕዝ ተጽፎአል። የተቃዋሚዎችዋን ደብዳቤ የመረመሩ ሊቃውንት ደግሞ ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው ስለ ቤተ መንግሥት ሴቶች ጽናት እያዘኑ መጻፋቸውን አግኝተዋል። ወዳጅ ሲያመሰግን ወዳጅነቱ ነው ይባላል፤ ተቃዋሚ በእጁ ጽፎ የመሰከረው ግን ሌላ ክብደት አለው። የሴቶቻችን ሥራ በሁለት ቋንቋ የተመሰከረ መሆኑን ያወቅነው ሁለቱን ቋንቋ የሚያነቡ ሰዎች ስለ ተገኙ ነው። በ2015 ገድሉ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ታትሞአል።

የጎንደርም ግንብ ነገር እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው «የፖርቱጋሎች ሥራ ነው» ሲል ይሰማል። ነገር ግን ከተማይቱ የተቈረቈረችው ኢየሱሳውያን ከተባረሩ በኋላ ስለ ሆነ፥ የዘመኑ ተራ ብቻ እንኳ ይህን አባባል ደግሞ ደጋግሞ መመርመር እንደሚገባ ያስረዳል። በዚህ በ21ኛው መቶ ዓመት የእስጳንያ የከርሰ ምድር መርማሪዎች በአዘዞ፥ በደንቀዝና በጎርጎራ ቈፍረው ያገኙትን ከጽሑፎቹ ጋራ አመሳክረው በ2017 መጽሐፍ አውጥተዋል። በግንቦቹ አሠራር ላይ የሕንድ የሙያ እጅ እንደ ነበረበትና የአገራችን ነገሥታት እንደ ፈቃዳቸው ለራሳቸው እንዳደረጉት ሊቃውንት ይናገራሉ። ጎብኚ መጥቶ በጠየቀ ጊዜ የጎንደር ልጅ ከወሬ ይልቅ ማስረጃ ይዞ ቢመልስ ምንኛ ያማረ ነው!

ኢትዮጵያውያን በዚህ መንገድ አልሄዱም ማለት ግን አይደለም። ግርማ በሻህና መርዕድ ወልደ አረጋይ በ1964 በሊስቦን ከተማ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ነገሩም ከ1500 እስከ 1632 በፖርቱጋልና በኢትዮጵያ መካከል ስለ ነበረው የአብያተ ክርስቲያናት አንድነት ጥያቄ ነው። መርዕድ ኋላ በ1971 በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ከ1508 እስከ 1708 ስላለው ዘመን የዶክቶርነት ድርሳናቸውን አቅርበው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ሆኑ። የፓኤዝ መጽሐፍ ደግሞ በ2008 በሊስቦን በአዲስ ታርሞ ታተመ፤ በ2011ም ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። ሥራው ተጀምሮአል፤ የኢትዮጵያውያን እጅ ግን በእርሱ ላይ ገና ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ወላጆች ጥያቄ እንመለስ። ይህን የሚጀምር ተማሪ ምን ይጠብቀዋል?

መጀመሪያ ቋንቋውን አጥብቆ መማር ነው፤ የዛሬውን ንግግር ካወቀ በኋላ የ17ኛው መቶ ዓመት የእጅ ጽሕፈትና አሕጽሮት ሌላ ትምህርት ሆኖ ይጠብቀዋል። ላቲንም ያስፈልገዋል፤ ግዕዝም ከቶ አይቀርለትም። ከዚያ ወዲያ የሚመረምረውን ነገር ለይቶ፥ የሚመራው መምህር አግኝቶ፥ በመዛግብት መካከል ተቀምጦ ድርሳኑን ይጽፋል፤ በመጨረሻም በሊቃውንት ፊት ቆሞ ይከራከርበታል። በፖርቱጋል የዶክቶርነት ትምህርት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል፤ የቋንቋው ዝግጅት ግን ከዚህ በፊት የሚቈጠር ነው።

በዚህ ድካም ውስጥ የደጋው ልጅ ከማንም የሚበልጥበት ነገር አለው። የሩቅ አገር መርማሪ በአሮጌው ወረቀት ላይ የተጻፈውን የቦታና የሰው ስም ሲያይ ይደናገራል። በደንቢያና በአዘዞ ያደገ ልጅ ግን የተዛባውን ፊደል አልፎ ደንቀዝን፥ ገነተ ኢየሱስን፥ ሥልጣን ሰገድ የተባለውን የንጉሥ ስም ወዲያው ያውቃል። በፖርቱጋል ንባብ «ኤክስ» የተባለችው ፊደል ብዙ ጊዜ «ሽ» ስለምትሆን፥ ሸዋ በእርስዋ ተጽፋ ብትገኝ እርሱን አታስተውም። የማዕርጉን ስም፥ የመሬቱን ሥሪት፥ የጾሙንና የበዓሉን ሥርዓት ከእናቱ ቤት ይዞት ይሄዳል፤ ይህ በገንዘብ የማይገዛ ስንቅ ነው።

እንጀራውም ቢሆን የለም ማለት አይቻልም። የፖርቱጋል ቋንቋ የአንዲት ትንሽ አገር ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ ከ250 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይናገረዋል። ብራዚል፥ አንጎላ፥ ሞዛምቢክ፥ ኬፕ ቨርዴ፥ ጊኒ ቢሳው፥ ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ይሠሩበታል። በ1996 የተመሠረተው የዚህ ቋንቋ አገሮች ማኅበር ዛሬ 9 አባሎች አሉት። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ፖርቱጋልኛ ነው። ስለዚህ ቋንቋውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ፥ መልክተኛ፥ መምህር፥ የቅርስ ጠባቂ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ማዕርጉ በራሱ ሹመት እንደማያመጣና የመምህርነትም ቦታ ጥቂት እንደ ሆነ ለልጁ አስቀድሞ መንገር የወላጅ ተግባር ነው፤ በተስፋ ብቻ የተሰደደ ልጅ ኀዘኑ ይበረታልና።

ለወላጆች የምንመክረው እንግዲህ ይህ ነው። ልጁን ከመከልከል በፊት ፈቃዱን ፈትኑ። አንድ ዓመት ቋንቋውን እዚሁ እያለ በትጋት ይማር፤ ግዕዝ ከሚያውቁ መምህራን ዘንድ ይቀመጥ፤ አዘዞንና ጎርጎራን ሄዶ ይመልከት፤ ስለሚመረምረው ነገር በአንድ ገጽ ጽፎ ያሳያችሁ። ይህን ሁሉ አድርጎ ፍቅሩ ካልቀዘቀዘ የጠራው እውነተኛ ነገር ነው። ልጅቱም ብትሆን «ለሴት ልጅ ሩቅ ነው» ብላችሁ አታስቀሯት፤ የወለተ ጴጥሮስን ዘመን በሁለቱም ቋንቋ አንብባ ለእኅቶችዋ የምትነግር ሴት ለአገር ታስፈልጋለች። በተመለሱም ጊዜ ያገኙትን በባዕድ ቋንቋ ብቻ ጽፈው እንዳይተዉት፥ በአማርኛም እንዲያወጡት አደራ በሉአቸው።

የአያት ርስት በሌላ ሰው ሣጥን ተቀምጦ ቢገኝ፥ ባለቤቱ መክፈቻውን ይፈልጋል እንጂ ሣጥኑ ሩቅ ነው ብሎ አይቀመጥም። የጎንደር ታሪክ ከፊል መዝገቡ በፖርቱጋል ቋንቋ ተጽፎ በባሕር ማዶ ይገኛል። መክፈቻውን ለልጆቻችን እጅ መስጠት የእኛ የወላጆች ፋንታ ነው።